ከጃንክያርድ የመጣ የመኪና ስክሪን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የምሠራው በሰሜን ቨርጂኒያ የመኪና ኤሌክትሪክ ነው። ከደንበኞቼ አብዛኞቹ ኡበርና ታክሲ የሚነዱ የአገሬ ልጆች ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ ፎርድ ፊውዥን፣ ኤስኬፕ ወይም ኤክስፕሎረር ይይዛሉ። ቅዳሜ ጠዋት ስልኬ ሲጠራ የምሰማው ቃል ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ «ወንድሜ፣ ስክሪኑን ከጃንክያርድ አምጥቼ ሰክቼዋለሁ፣ በርቷልም፤ የቀረችው ትንሽ ነገር ናት፣ አምስት ደቂቃ አትፈጅብህም።» ጃንክያርድ ማለት ያረጁና በአደጋ የተጎዱ መኪኖች ተፈትተው ዕቃቸው የሚሸጥበት ግቢ ነው። ያቺ ትንሽ ነገር ግን ግማሽ ቀን ትወስዳለች። ሰው የራሱን መኪና በራሱ እጅ መጠገኑን አልቃወምም፤ እንዲያውም ደስ ይለኛል። የሚያታክተኝ ከሰው ሰው እየተዛመተ የመጣው የተሳሳተ ወሬ፣ ለፍቶ አዳሪ ሰው ላይ የሚያስከትለው ኪሳራ ነው።

ስለምን እንደምናወራ በአጭሩ ላስረዳ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ፎርድ በ2010 ማይፎርድ ተች የተባለውን፣ ብዙ ሰው ሲንክ 2 የሚለውን የመኪና ስክሪን ሥርዓት በማይክሮሶፍት ሶፍትዌር ላይ ሠርቶ አወጣ፤ ሥርዓቱ እየዘገየና እየደረቀ ባለቤቶችን ስላስመረረ፣ በዲሴምበር 2014 በብላክቤሪ ኩባንያ ሶፍትዌር በኪውኤንኤክስ ላይ የተሠራውን ሲንክ 3 አስተዋወቀ፤ ይህም ከ2016 ሞዴሎች ጀምሮ በመኪናዎቹ ላይ ገባ። ስለዚህ የ2013 ወይም የ2014 መኪና ያለው ሰው በአደጋ ከተጎዳ አዲስ መኪና ላይ የተፈታ ሲንክ 3 ገዝቶ የራሱ ላይ ይገጥማል፤ ሲንክ 3 ኖሮት የተበላሸበትም እንዲሁ ያደርጋል። ሁለቱም ይቻላል፤ ችግሩ ያለው ሥራው በሚታሰብበት መንገድ ላይ ነው።

«ስክሪኑ ማለት ሬዲዮው ነው» የሚለው አነጋገር የመጀመሪያው ስህተት ነው። ፊት ለፊት የምናየው መስታወት አንድ ዕቃ ነው፤ ከጀርባው በብሎን የታሰረው፣ ኤፒም የሚባለው ሞጁል ደግሞ ሌላ ዕቃ ሲሆን ዋናው ኮምፒውተር እርሱ ነው፤ የሬዲዮውን ሞገድ የሚቀበለውና ድምፁን ወደ ስፒከር የሚልከው ኤሲኤም የሚባል ሦስተኛ ዕቃ ነው። ድምፅ ጠፍቶበት ሁለት ስክሪን አከታትሎ የገዛ ሰው አጋጥሞኛል፤ ሥዕሉ ጤነኛ ነበር፣ የሞተው ኤሲኤሙ ነበር።

«ስክሪን ከተቀየረ ማይሉ ይዛባል» የሚሉም አሉ። አይዛባም፤ ማይሉ የሚቀመጠው እዚህ ሞጁል ውስጥ አይደለም።

«የሲንክ 2 የካርታ ካርድ ለሲንክ 3 ይሆናል» የሚለውም ልክ አይደለም፤ ሲንክ 3 ካርታውን የሚያነበው ከራሱ የውስጥ ማከማቻ ነው።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደሚያስመርረኝ ልምጣ፦ «ሰክቶ መሄድ ነው።» ይህን የሚሉ ሰዎች ሞጁሉን እንደ አምፖል ይቆጥሩታል፤ አሮጌው ይወጣል፣ ሌላው ይገባል፣ ከበራ ሥራው አለቀ። ሞጁሉ ግን የሌላ መኪና ትዝታ ተሸክሞ የመጣ ኮምፒውተር ነው። ያ መኪና የኋላ ካሜራ እንደነበረው፣ ወንበሩ የሚሞቅ እንደነበር፣ ስንት ስፒከር እንደነበረው፣ መሪው ላይ የትኞቹ ቁልፎች እንደነበሩ፣ የአየር ማቀዝቀዣው ምን ዓይነት እንደነበር፣ ለየትኛው አገር እንደተሠራ፣ ይህ ሁሉ በውስጡ ተጽፏል። ፎርድ ይህን ጽሑፍ አዝ ቢልት ይለዋል፤ በኤፒሙ ላይ 7ዲ0 በሚለው አድራሻ ሥር በቁጥርና በፊደል የተሞሉ መስመሮች ተደርድረው ይገኛሉ፣ በእያንዳንዱ መስመር መጨረሻ ያሉት ሁለት ምልክቶችም የመስመሩን ትክክለኛነት የሚያረጋግጥ ድምር ናቸው። ሞጁሉ አዲስ ቤት ሲገባ ካሜራ መኖር አለመኖሩን መኪናውን አይጠይቅም፤ በውስጡ የተጻፈለትን ብቻ ያምናል።

ባለፈው ክረምት የ2017 ፊውዥን የያዘ አንድ ወንድም መጣ። የራሱ ኤፒም እየጠፋ እየበራ አስቸግሮት ስለነበር፣ ከኤክስፕሎረር ላይ የተፈታ ገዝቶ ከራሱ ስክሪን ጀርባ አስሮታል። ስክሪኑ ጥርት ብሎ በርቷል። ነገር ግን ወንበሩ ማሞቂያ ሳይኖረው የማሞቂያው ምልክት ይታያል፤ ሲነኩትም ምንም አይሆንም። ማርሹን ወደ ኋላ ሲያስገባ ደግሞ ካሜራው በሚታይበት ቦታ ጥቁር ብቻ ነው። እርሱ ካሜራው የተበላሸ መስሎት ሌላ አዝዞ ነበር። ላፕቶፔን ሰክቼ መስመሮቹን ሳነብ ካሜራውን የሚመለከተው ቦታ ከዚህ መኪና ጋር በማይገጥም መንገድ ተሞልቷል። የመኪናውን የሻሲ ቁጥር ሞተርክራፍት ሰርቪስ በሚባለው የፎርድ ገጽ ላይ አስገብቼ ከፋብሪካ ሲወጣ የተጻፈለትን አዝ ቢልት በነጻ አወረድኩ፤ ከዚያ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ መስመር በመስመር አመሳከርኩ፣ የተለያዩትንም አስተካክዬ ጻፍኩ። ሞጁሉ ጠፍቶ ሲነሳ የማሞቂያው ምልክት የለም፤ ማርሹን ሲነካው የጋራዤ በር ስክሪኑ ላይ ወለል ብሎ ታየ። ያዘዘውን ካሜራ መለሰው። በአሜሪካ ከሜይ 2018 ጀምሮ የሚመረት አዲስ መኪና ሁሉ የኋላ ካሜራ እንዲኖረው ሕግ የሚያስገድደው ወደ ኋላ በሚሄድ መኪና ተገጭተው የሚሞቱት አብዛኛውን ጊዜ ሕፃናትና አረጋውያን ስለሆኑ ነው፤ ስለዚህ ካሜራውን ያጠፋ ሥራ «ትንሽ ነገር የቀረው» ሊባል አይገባውም።

ከሲንክ 2 ወደ ሲንክ 3 የሚሻገር ሰው ደግሞ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል፤ የሁለቱ አጻጻፍ የተለያየ ስለሆነ የአሮጌውን መስመሮች ገልብጦ አዲሱ ላይ መለጠፍ አይቻልም። መነሻ የሚሆነው ሲንክ 3 ይዞ ከፋብሪካ የወጣ፣ ዓይነቱና ዕቃው ከራሱ ጋር የሚቀራረብ መኪና አዝ ቢልት ነው፤ ልዩነቱ ከዚያ አንድ በአንድ ይስተካከላል።

ስለዚህ አንድም ብሎን ከመፈታቱ በፊት የሚሠራ ሥራ አለ። አሮጌው ሞጁል አሁንም የሚናገር ከሆነ ፎርስካን በተባለው ፕሮግራም ውስጡ ያለው ይነበብና በሁለት ቦታ ይቀመጥ፤ አንዱ ላፕቶፑ ላይ፣ ሌላው ፍላሽ ላይ። ላፕቶፑን ከመኪናው ጋር የሚያገናኘው ማገናኛ የፎርድን ሁለት የካን መስመሮች፣ ማለትም ሞጁሎቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩባቸውን ሽቦዎች፣ ማንበብ የሚችል መሆን አለበት፤ በመኪናው የመመርመሪያ መሰኪያ ላይ ፈጣኑ በ6 እና በ14፣ መካከለኛው በ3 እና በ11 ቁጥር እግሮች ይገኛሉ፣ ርካሾቹ ማገናኛዎች ግን የመጀመሪያውን ብቻ ስለሚያዩ ግማሹ መኪና ይደበቅባቸዋል። ለመጻፍ በሽቦ የሚሰካ እንጂ በብሉቱዝ የሚሠራ ማገናኛ አልመክርም፤ በጽሑፉ መካከል ግንኙነቱ ቢቋረጥ ሞጁሉ ግራ ይጋባል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀየር፣ ከዚያ ይሞከር፤ አሥር ነገር ባንዴ ቀይሮ አንዱ ሲበላሽ የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ስክሪኑን የያዙት አብዛኛውን ጊዜ አራት የ7 ሚሊሜትር ብሎኖች ናቸው፤ በላያቸው ያለው ሽፋን በፕላስቲክ መፈልቀቂያ እንጂ በካቻቪቴ አይነሳ። የመፍታቱ ሥራ ይህችን ያህል ነው።

«ፎርድ በሻሲ ቁጥር ይቆልፈዋል፣ ከዲለር በቀር የሚከፍተው የለም» የሚሉ ደግሞ በሌላኛው ጫፍ ያሉ ናቸው። ሲንክ 3 እንዲህ ያለ ቁልፍ የለውም። ይህን ሰምቶ ወደ ሌላ ምርት የሚሻገር ሰው ግን ይጠንቀቅ፤ ብዙ የጂኤም መኪኖች ከሌላ መኪና የመጣ ሬዲዮ ሲያገኙ መቆለፉን ጽፈው ዝም ይላሉ፣ ኦዲና ፎክስቫገን ደግሞ ከአምራቹ ሰርቨር ጋር ተገናኝቶ ካልተፈታ የማይለቅ መከላከያ አላቸው። ከመግዛት በፊት ይህን መጠየቅ ከገዙ በኋላ ከመደወል ይሻላል።

ሌላው ብዙ ዕቃ የገደለው እምነት «ባትሪው ደህና ስለሆነ ማሻሻያው ይጨርሳል» የሚለው ነው። ማሻሻያ ማለት አዲስ ሶፍትዌር በፍላሽ ወደ ሞጁሉ መጫን ነው፤ ሶፍትዌሩን ሙሉ በሙሉ ማደስ፣ በተለይ ካርታ ካለው፣ ረጅም ጊዜ ይፈጃል። ሞተር ሳይነሳ ቁልፉን ብቻ ከፍቶ መጠበቅ ባትሪውን ያደክመዋል፤ መኪናውም ባትሪውን ለማዳን ሲል ራሱ ኃይሉን ሊቆርጥ ይችላል። ሙሉ ባትሪ ሥራ ላይ ሳይሆን ወደ 12.6 ቮልት ያሳያል፤ 12 ከደረሰ አብዛኛው አቅሙ አልቋል። በአንድ የጥር ምሽት፣ በረዶ በጣለበት ሰዓት፣ ውጭ ቆሞ ማሻሻያ የጀመረ ሰው ጠርቶኝ ስደርስ ሜትሬ 11.4 ያነባል፤ ስክሪኑ ጠቁሯል፣ ፍላሹም እንደተሰካ ነው። ያ ሞጁል ኃይል ከተሞላለት በኋላም አልተነሳም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከ13 ቮልት በላይ አድርጎ የሚይዝ ጥሩ ቻርጀር ባትሪው ላይ ይታሰር። ቻርጀር የሌለው ሞተሩን ያስነሳ፣ ነገር ግን ደጅ ላይ ይሁን። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር አስነስቶ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ሰው ይገድላል፤ የጭሱ መርዝ ሽታ የለውም።

ፍላሹም ዝም ብሎ የተገኘው አይሆንም። በኤክስፋት ፎርማት ይደረግ፣ የማሻሻያው ፋይሎችና ፎልደር አቀማመጣቸው ሳይለወጥ፣ በሌላ ፎልደር ውስጥ ሳይታጠፉ ፊት ለፊት ይቀመጡ፣ ስክሪኑም መጨረሱን በጽሑፍ ሳያሳውቅ አይነቀል።

«ማሻሻያ ሁሉን ይፈውሳል» የሚለው እምነት ደግሞ ሰውን በከንቱ ያደክማል። በሙቀት ብዛት የስክሪኑ ንብርብር ተላቅቆ እንደ ውኃ ጠብታ ያለ አረፋ ከያዘና ማንም ሳይነካው ራሱን በራሱ የሚጫን ከሆነ፣ በሽታው የመስታወቱ ነው፤ የትኛውም ሶፍትዌር አያድነውም።

«ሲንክ 3 ከገባ አፕል ካርፕሌይ (አይፎንን በመኪናው ስክሪን ላይ የሚያሠራው) አብሮ ይመጣል» ለሚሉት፦ ሞጁሉ ይችላል፣ አሮጌው የዩኤስቢ መሰኪያ ግን አይችልም። ፎርድ ራሱ ሲንክ 3 ይዘው ለወጡት የ2016 መኪኖች ካርፕሌይ ሲከፍት የመሰኪያውን ሳጥን መቀየር አስፈልጎታል፤ አንድሮይድ አውቶ ግን በአሮጌው ሠርቷል። አይፎን የያዘ ሰው ስልኩ ኃይል እየሞላ ስክሪኑ ላይ ምንም ካልመጣ፣ ሞጁሉን ከመርገሙ በፊት ይህችን ሳጥን ይቀይር።

አገር ቤት ያሉ ዘመዶች ዕቃ ሲያስልኩ የሚነሳም አንድ አለ፤ «ሬዲዮ ሬዲዮ ነው፣ የትም ይሠራል።» ከጃፓን የመጡት መኪኖች ሬዲዮ የሚያነበው ከ76 እስከ 90፣ የቅርቦቹም እስከ 95 ሜጋኸርዝ ብቻ በመሆኑ ኤፍ ኤም አዲስ 97.1ን፣ ፋና 98.1ንም ሆነ ሸገር 102.1ን አያገኝም፤ ለዚህ ነው አዲስ አበባ ውስጥ የሞገድ መለወጫ ሲገጠምለት የሚታየው። የአሜሪካው ደግሞ እስከ 107.9 ይደርሳል፣ ነገር ግን የሚረግጠው ጎዶሎዎቹን አሥረኛዎች (.1፣ .3፣ .5፣ .7፣ .9) ብቻ ነው፤ ሸገር ላይ ይቆማል፣ ኢትዮ ኤፍ ኤም 107.8 ላይ ግን የክልሉ ቅንብር ካልተለወጠ ልክ አይቆምም።

በመጨረሻ የማነሣው «መብራት ሲቋረጥበት ውስጡ ያለው ይጠፋል» የሚለውን ነው። አይጠፋም። ማከማቻው ባትሪ ቢነቀልበትም ለዓመታት የሚይዝ ነው። በቅርቡ ከጃንክያርድ የገዛሁትን ኤፒም የመሞከሪያ ጠረጴዛዬ ላይ ሳበራው የቀድሞ ባለቤቱ የቤት አድራሻ በቤት ምልክት ተመዝግቦ፣ የሄደባቸው ቦታዎች ተደርድረው፣ የስልኩ ስም ከነሙሉ ስሙ ተጽፎ አገኘሁት። መኪናው አደጋ የደረሰበት ነው፤ ሰውየው ይዳን አይዳን የማውቀው ነገር የለም። ያን ስም እያየሁ ሥራዬን መቀጠል አልቻልኩም፤ ወዲያውኑ ወደ ሴቲንግስ ገብቼ፣ ጀነራል ከሚለው ሥር ማስተር ሪሴት የሚለውን ተጭኜ አጠፋሁት። ሌላ ሰው የገዛው ቢሆን ኖሮ ቤቱ ድረስ የሚያደርሰውን መንገድ በእጁ ይዞ ነበር። የተገዛ ሞጁል መጀመሪያ የሚደረግለት ይህ ይሁን። የራስንም አሮጌ ሞጁል፣ ወይም ኢንሹራንስ የሚወስደውን የተጎዳ መኪና፣ ስክሪኑ እስከበራ ድረስ እንዲሁ ሳያጸዱ አሳልፎ መስጠት አይገባም፤ ስክሪኑ የሞተ ከሆነ ደግሞ ኤፒሙን ከሚሠራ ስክሪን ጋር አገናኝቶ ማጥፋት ስለሚቻል፣ ይዛችሁ ኑ፣ ያለ ክፍያ አጸዳላችኋለሁ።