አዲስ አበባና የአካባቢ ጥበቃዋ፦ ከባሕር ዛፍ እስከ ኮሪደር ልማት

የአዲስ አበባ አስተዳደር ለአካባቢ ምን ሠራ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሁለት ዓይነት መልስ ያገኛል። አንዱ ወደ ላይ፣ እንጦጦን ያሳየዋል። ሌላው ወደ ታች፣ አቃቂን። ክርክሩ የቆየ ነው።

ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ዙሪያዋን የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተጨፍጭፎ አለቀ። ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከማሰብ ደርሰው ነበር። ከተማዋን ያቆያት ባሕር ዛፍ ነው። መጀመሪያ ማን አመጣው በሚለው ላይ ስማቸው የሚነሣ ሰዎች አሉ፤ ያልተዘጋ ወሬ ነው። ዛፉ ግን ቶሎ ያድጋል፣ ሲቆረጥም ያቆጠቁጣል፤ እንጦጦን ያለበሰው እሱ ነው። ዛሬ ውኃ መጣጭ እያልን ብናማውም ባለውለታችን ነው።

በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና በደርግ ዘመን ፋብሪካዎች አቃቂና ቃሊቲ ላይ ተደረደሩ፤ ፍሳሻቸውም ወንዝ ገባ።

ሕጉ የመጣው ዘግይቶ ነው። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 እና የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 በተከታታይ ወጡ። ሁለተኛው አዋጅ ማንም ሰው፣ በግሉ ባይጎዳም፣ ስለ ብክለት አቤት እንዲል ይፈቅዳል። ትልቅ መብት ነው፤ ብዙ ሰው ግን አያውቀውም። አንድ የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር የአቃቂንና የሞጆን ወንዞች ጉዳይ ይዞ የፌዴራሉን የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ፍርድ ቤት አቁሞ ነበር። ክሱ በ1999 ዓ.ም. ውድቅ ሆነ።

አስተዳደሩ ከሁሉም በላይ የሚጠየቅበት ጉዳይ ቆሼ የሚባለው የቆሻሻ መጣያ ነው። በወረቀት ላይ ስሙ ረጲ ነው፤ ረጲ ብሎ የሚጠራው ግን ጥቂት ነው። ከ1950ዎቹ ጀምሮ የከተማዋ ቆሻሻ ወደ 36 ሄክታር በሚሆነው በዚህ ቦታ ሲደፋ ኖረ። ያኔ ከከተማ ውጭ ነበር። ከተማዋ እየሰፋች መጥታ ከበበችው። በዙሪያው ቤት ተሠራ፣ ቤተሰብ ተመሠረተ፣ ክምሩን እየለቀሙ የሚተዳደሩ ሰዎች በዙ።

አስተዳደሩ አማራጭ አልፈለገም ማለት አይቻልም። በፈረንሳይ የልማት ድርጅት ገንዘብ ሰንዳፋ ላይ ዘመናዊ የቆሻሻ ማስወገጃ ተሠርቶ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ቦታው ግን ኦሮሚያ ውስጥ ነው። የአካባቢው ገበሬዎች ሽታው፣ ፍሳሹና የጤናችን ጉዳይ ብለው ተቃወሙ። በዚያው ክረምት ተዘጋ፤ መኪኖቹም ወደ ቆሼ ተመለሱ። ገበሬዎቹ ይፈረድባቸዋል ወይ? የሰው ከተማ ቆሻሻ ደጃፉ እንዲደፋ የሚፈቅድ የለም። በሌላ በኩል ያን ሁሉ ወጪ የጠየቀ ሥራ በወራት ውስጥ መቆሙ ያስቆጫል።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ማታ፣ ክምሩ ተናደ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። ምክንያቱ እስካሁን ያነጋግራል። ነዋሪዎች ቆሻሻው መልሶ መደፋቱንና በሥፍራው የነበረውን የግንባታ ሥራ ያነሣሉ። ባለሥልጣናት ደግሞ ክምሩን የሚቆፍሩ ሰዎች አዳክመውታል ብለው ነበር።

ከአደጋው ዓመት ከመንፈቅ ገደማ በኋላ፣ ነሐሴ 13 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ በቡሄ ዕለት፣ የረጲ የቆሻሻ ኃይል ማመንጫ ተመረቀ። በአፍሪካ በዓይነቱ የመጀመሪያው ተብሎለታል፤ ሲባል መስማትም ደስ ይላል። በዕቅዱ በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ አቃጥሎ መብራት ያመነጫል። ሥራው ግን ሲቆራረጥ ቆይቷል። እርጥብ ቆሻሻ በደንብ አይነድም፤ የእኛ ቆሻሻ ደግሞ አብዛኛው የምግብ ትራፊ ነው። ደረቁንማ አሮጌ ዕቃ ገዢው ቆራሌ ቀድሞ መርካቶ ወዳለው ምናለሽ ተራ ወስዶታል። ከተማዋ ውስጥ መልሶ መጠቀምን ከማንም በፊት የጀመረው እሱ ነው፤ በአስተዳደሩ ሪፖርት ግን ስሙ አይነሣም።

ትራንስፖርት ላይ የማን ሥራ ለማን ይመዝገብ የሚለው ራሱ ያምታታል። ቀላል ባቡሩ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ጀመረ፤ በቀጣዩ ዓመትም የዓለም ትልልቅ ከተሞች ኅብረት የሆነው ሲ40 አዲስ አበባን ሸልሟታል። የሠራው ግን የፌዴራሉ የምድር ባቡር ኮርፖሬሽን ነበር። በኋላ መለዋወጫ ጠፍቶ ብዙ ባቡሮች ሲቆሙ ወቀሳውም ባለቤት አጣ።

ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ያለው ለዓይን የሚሞላ ነው። ሸገርን ማስዋብ የተባለው ፕሮጀክት 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ በ29 ቢሊዮን ብር ለማልማት ታስቦ ተጀመረ። ግንቦት 11 ቀን 2011 ዓ.ም. ለአንድ ሰው 5 ሚሊዮን ብር የተከፈለበት የቤተ መንግሥት እራት ተዘጋጀለት። እንጦጦ ፓርክ መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ተከፈተ፤ ወዳጅነት ፓርክም ተሠራ። ቅዳሜና እሑድ ልጆች ሲሮጡበት ያየ ሰው ለመንቀፍ ይከብደዋል። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው ኮሪደር ልማት ደግሞ ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌት መስመርና ሣር አመጣ። ለዚያ ሲባል ፒያሳና ካዛንቺስ ላይ የቆዩ ሰፈሮች ፈርሰዋል። ሥራው ደጁ የነበረ ሰው ዳር ወጥቶ በሁለት ታክሲ ከተመላለሰ፣ ያ ጭስ ከየትኛው ሒሳብ እንደሚቀነስ ሲጠየቅ አልሰማሁም።

ወንዞቹ የማይታየው ክፍል ናቸው። ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ባንተ ይቀጡ፣ ቀጨኔና ሌሎችም የቤቱን፣ የጋራዡንና የፋብሪካውን ፍሳሽ ተሸክመው ወደ ትንሹና ትልቁ አቃቂ ይወርዳሉ። የቃሊቲው ፍሳሽ ማጣሪያ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ተስፋፍቷል፤ ይህ ሪባን ሲቆረጥለት ብዙም ያልተጮኸለት ቁም ነገር ነው። ያልተጣራው አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገባል፣ ከዚያም አዋሽ። በመንገዱ ላይ ገበሬዎች በአቃቂ ውኃ ጎመንና ሰላጣ ያጠጣሉ። በአፈሩም በአትክልቱም ላይ ለጤና ጎጂ የሆኑ ከባድ ብረቶች መገኘታቸውን የዩኒቨርሲቲ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። ጎመኑ ታስሮ በማለዳ ተመልሶ ወደ አዲስ አበባ ገበያ ይገባል።