በላብራቶሪ የተመረተ አልማዝ ምንድን ነው?

ችግሩ የሚጀምረው ከስሙ ነው። «ሰው ሠራሽ» የሚለውን ቃል የሰማ ገዢ ወዲያው ትዝ የሚለው አርቴፊሻል ጌጥ ነው፤ ለጊዜው የሚያብለጨልጭ፣ ውሎ አድሮ የሚደበዝዝ ነገር። በላብራቶሪ የተመረተ አልማዝ ግን እንዲያ አይደለም። አልማዝ ነው። ከመሬት እንደወጣው ሁሉ የተሠራው ከካርቦን ነው፤ የአተሞቹ አደራደርም አንድ ነው፤ በሞስ የጥንካሬ መለኪያ ሁለቱም 10 ናቸው፤ ብርሃን የሚሰብሩበት መጠንም እኩል ነው። የሚለያዩት በትውልድ ቦታና በዕድሜ ነው።

አስመሳይ ሊባሉ የሚገባቸው ሌሎች ናቸው። ኪዩቢክ ዚርኮኒያ ዚርኮኒየም ኦክሳይድ ነው፤ ሞይሳናይት ደግሞ ሲሊከን ካርባይድ። ሞይሳናይት በራሱ የሚያምር ድንጋይ ነው፤ ነውሩ አልማዝ ብሎ መሸጡ ነው። ብዙ ደንበኛ እነዚህንና የላብራቶሪውን አልማዝ አንድ ላይ ጨፍልቆ ስለሚመጣ፣ የሻጭ የመጀመሪያ ሥራ ዋጋ መጥራት ሳይሆን ይህን መለየት ነው።

የተፈጥሮው አልማዝ የተወለደው ከምድር ገጽ በታች ባብዛኛው ከ150 እስከ 200 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ ነው። አብዛኛው ከአንድ ቢሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ኪምበርላይት የሚባለው የእሳተ ገሞራ ዐለት ሲፈነዳ ነው ይዞት የወጣው። የላብራቶሪው ደግሞ በሳምንታት ያልቃል፤ አመራረቱም ሁለት ዓይነት ነው።

አንደኛው የምድርን ሆድ መኮረጅ ነው። ትንሽ የአልማዝ ዘር ከካርቦንና ከቀለጠ ብረት ጋር ይቀመጥና ከተለመደው የአየር ግፊት 50 ሺህ እጥፍ የሚበልጥ ግፊት፣ ከ1300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀት ይጫንበታል። ትሬሲ ሆል በጀነራል ኤሌክትሪክ ይህን ያሳካው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1954 ነው፤ ያኔ የወጡት ግን ለፋብሪካ መሞረጃና መቁረጫ የሚሆኑ ደቃቅ ፍሬዎች ነበሩ። ሁለተኛው መንገድ በጋዝ ነው። ሚቴንና ሃይድሮጅን አየሩ ወደተመጠጠ ክፍል ይገቡና በማይክሮዌቭ ይግላሉ፤ ሚቴኑ ሲፈርስ ካርቦኑ በስስ የአልማዝ ገበታ ላይ እንደ ውርጭ እየተደራረበ ይጋገራል።

ታዲያ በዓይን ይለያሉ ወይ? አይለዩም። ባለሙያም ቢሆን አሥር እጥፍ በሚያጎላ መነጽር አይቶ በእርግጠኝነት አይናገርም። ሙቀት የሚለካው የተለመደው መሞከሪያ ብዕርም ለሁለቱም «አልማዝ» ይላል፤ ልክ ነው፣ ሁለቱም ናቸውና። ምስጢሩ ናይትሮጅን ላይ ነው። አብዛኛው የተፈጥሮ አልማዝ ሲያድግ የገባበትና በረጅም ዕድሜው የተሰባሰበ ናይትሮጅን አለው፤ የላብራቶሪው አብዛኛውን ጊዜ የለውም ማለት ይቻላል። ይህን የሚያነቡት ልዩ የብርሃን መሣሪያዎች ናቸው። በግፊት የተሠራው አንዳንዴ ደቃቅ የብረት ቅንጣት በውስጡ ይቀርበታል። ለገዢ ግን ማስረጃው የምስክር ወረቀቱና በድንጋዩ ወገብ ላይ በሌዘር የተጻፈው ቁጥር ነው፤ ሁለቱ መመሳሰላቸውን ሻጩ በማጉያ መነጽር ያሳይ።

ወረቀቱም እየተለወጠ ነው። የከበሩ ድንጋዮችን መርምሮ ወረቀት የሚሰጠው የአሜሪካ ጄሞሎጂካል ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2025፣ የላብራቶሪ አልማዝን ቀለምና ንጽሕና ለተፈጥሮው በሚጠቀምበት ዝርዝር የደረጃ መለኪያ መመዘን እንደሚያቆምና በምትኩ ጥቂት ጥቅል ደረጃዎችን እንደሚሰጥ አስታውቋል። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 ባሻሻለው መመሪያ አልማዝን ሲተረጉም «የተፈጥሮ» የሚለውን ቃል አውጥቷል፤ የላብራቶሪውን የሚሸጥ ግን በላብራቶሪ መሠራቱን በግልጽ መናገር እንዳለበት አጽንቷል። አልማዝነቱን መቀበልና ምንጩን አለመደበቅ፤ እኔም የምይዘው ይህንኑ ነው።

ደንበኛው በጣም የሚጎዳው ዋጋ ላይ ነው። ማዕድን የሚወጣው ባለበት ቦታና በተገኘው መጠን ነው፤ ፋብሪካ ግን ማሽን በጨመረ ቁጥር ምርቱ ይጨምራል። ስለዚህ የላብራቶሪ አልማዝ ዋጋ ባለፉት ዓመታት ክፉኛ ወርዷል። በማዕድን አልማዝ የሚታወቀው ኩባንያ ዲ ቢርስ እ.ኤ.አ. በ2018 ላይትቦክስ በሚል ስም የላብራቶሪ አልማዝ በካራት (የድንጋይ ክብደት መለኪያ ነው) 800 ዶላር መሸጥ ሲጀምር ርካሽ ተብሎ ነበር፤ በ2025 ግን ንግዱን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ዛሬ የተገዛ የላብራቶሪ አልማዝ ነገ መልሶ የሚሸጥበት ዋጋ እጅግ ትንሽ ነው። የተፈጥሮውም ቢሆን ሱቅ ውስጥ በተከፈለበት ዋጋ መልሶ የሚሸጠው ከስንት አንዱ ነው፤ የሱቁ ትርፍ አብሮ አይመለስም። «ገንዘብዎ አይጠፋም፣ ቆይቶ ይጨምራል» ብሎ የትኛውንም የሚሸጥ ሰው ደንበኛውን እየበደለ ነው።

ስለዚህ ለደንበኛ የሚቀርበው ጥያቄ «የቱ ይሻላል?» ሳይሆን «ከድንጋዩ የሚፈልጉት ምንድን ነው?» ነው። በያዙት ገንዘብ ትልቅና ጥርት ያለ ድንጋይ ጣታቸው ላይ ማየት የሚፈልጉ ከሆነ የላብራቶሪውን ያለ ሐፍረት ይግዙ፤ የተረፈውን ገንዘብ ግን ካራት ከሚጨምሩበት ጥሩ አቆራረጥ ቢገዙበት እመክራለሁ፤ ድንጋዩን የሚያበራው የቆራጩ እጅ ነው፣ በሁለቱም። ብርቅነቱ፣ ምድር በቢሊዮን ዓመት የሠራችው መሆኑ ልባቸውን የሚነካ ከሆነ ደግሞ የላብራቶሪው ምንም ቢያምር አያረካቸውም። ይህ ስሜት ሞኝነት አይደለም፤ ቀለበት ራሱ የሚገዛው በስሜት ነው።

ስለ ሕሊና የሚጠይቁም አሉ፤ መልሱ ሻጮች እንደሚያቀልሉት ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 ሥራ የጀመረው የኪምበርሊ ሥርዓት፣ ማለትም የጥሬ አልማዝን ንግድ የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ «የግጭት አልማዝ» የሚለው አማፅያን ጦርነት የሚደግሱበትን ጥሬ አልማዝ ብቻ ነው፤ የማዕድን ቆፋሪውን የሥራ ሁኔታ አይመለከትም። በሌላ በኩል እንደ ቦትስዋና ያለ አገር ከውጭ ንግዱ አብዛኛውን የሚያገኘው ከአልማዝ ነው። የላብራቶሪውም ብዙ ኤሌክትሪክ ይበላል፤ ኃይሉ ከድንጋይ ከሰል ከመጣ «ለአካባቢ ተስማሚ» የሚለው ማስታወቂያ አይቆምም። አገሩንና ፋብሪካውን የማይጠቅስ መልስ መልስ አይደለም።

አንድ ነገር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ቀለበት ሲገዛ ሁሉም የሚያየው መሐሉን ድንጋይ ነው፤ ዙሪያውን ያሉት ጥቃቅኖቹ ግን ብዙውን ጊዜ የየራሳቸው ወረቀት የላቸውም፤ የላብራቶሪውና የተፈጥሮው ሊቀላቀሉ የሚችሉትም እዚያው ላይ ነው። ስለ እነሱም ይጠየቅ። ደረሰኙ ላይ «አልማዝ» ብቻ ተጽፎ ከሆነ፣ «የተፈጥሮ» ወይም «በላብራቶሪ የተመረተ» የሚለው እስኪጨመርበት ድረስ ገንዘብ አይከፈል።