ስለ ሮቦት እጅ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«እንዳይሰበር ከጠንካራ ብረት መሥራት ነው።»
ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚያስበው ይህንን ነው። ድርቅ ያለ ጣት ግን ጠረጴዛ ሲገጭ ኃይሉ መሄጃ ስለሚያጣ የማርሹን ጥርስ ያረግፋል። የጀርመን የጠፈር ማዕከል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳዩት እጅ ሌላ መንገድ ተከተለ። ጣቶቹን የሚስቡት 38 ጅማቶች ናቸው፤ ዳይኒማ ከተባለ ክር የተሠሩ፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሞተርና ሞላ ያላቸው። ጣቱ በመዶሻ ሲመታ እጥፍ ይላል፣ ሞላዎቹ ምቱን ይውጡታል፣ ተመልሶም ይቃናል።

«ሞተሩ ጣቱ ውስጥ መሆን አለበት።»
ግራ ክንድዎን ከክርንዎ ዝቅ ብለው በቀኝ እጅዎ ይያዙና የግራ ጣቶችዎን አንድ በአንድ ያንቀሳቅሱ። ከያዙበት ከቀኝ መዳፍዎ ሥር የሚንቀጠቀጠው ጡንቻ ነው፤ ጣቶቹ የሚሳቡት ከዚያ ነው። ብዙ የሮቦት እጆችም ሞተራቸውን ክንድ ላይ አድርገው በክር ይስባሉ። ጣቱ ቀጭን ይሆናል፤ ክሩ ግን ይፋቃል፣ ይረግባል፣ አንዳንዴም ይበጠሳል። ሞተሩን ጣት ውስጥ የሚከቱትም አሉ፤ ጣቱ ይወፍራል እንጂ ጥገናው ይቀላል።

«ሩቢክ ኪዩብ ከፈታ ምን ቀረው?»
እ.ኤ.አ. በ2019 ኦፕን ኤአይ የተባለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ድርጅት፣ ለንደን በሚገኘው ሻዶው ሮቦት ኩባንያ በተሠራ ባለ አምስት ጣት እጅ ሩቢክ ኪዩብን (ገጾቹን እያዞሩ ቀለማቱን የሚያስተካክሉበትን መጫወቻ) ሲያስፈታ የሚያሳየውን ቪዲዮ አይቶ ዓለም አጨበጨበ። የትኛው ገጽ መዞር እንዳለበት ያሰላው ግን እጁ ሳይሆን የቆየ የኮምፒውተር ስሌት ነው፤ የእጁ ሥራ ሳይጥሉ ማዞር ነበር። እጅግ የተዘበራረቀ ኪዩብ ሲሰጠው የተሳካለት 20 በመቶ ብቻ ነው። (ለእኔ ያ 20 በመቶ ከቪዲዮው ይበልጥ አስተማሪ ነው።) እጁን የሚመራው ፕሮግራም ልምምድ ሙሉ በሙሉ በኮምፒውተር ውስጥ በተመሰለ እጅ የተካሄደውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ እውነተኛ እጅ ያን ያህል ሙከራ አይችልም።

«ጣት በበዛ ቁጥር ይሻላል።»
ያው የለንደኑ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2024 ከጉግል የሰው ሠራሽ አስተውሎት ክፍል ከዲፕማይንድ ጋር ያወጣው፣ ለረጅም ሙከራና ለድብደባ የታሰበው እጅ ባለ ሦስት ጣት ነው።

«ጥሩ ካሜራ ካለው መዳሰስ አያስፈልገውም።»
በስዊድን ሮላንድ ዮሃንሰን የተባለ ተመራማሪ የጣት ጫፏ በመርፌ የደነዘዘ ሴት ክብሪት እንድትጭር አድርጎ ነበር። ዓይኗ ደህና ነው፣ ጡንቻዋም ደህና ነው፤ እንጨቱ ግን ደጋግሞ ይወድቅባት ነበር። ለሮቦት ከተሞከሩት መፍትሔዎች አንዱ ጣቱ ጫፍ ላይ ለስላሳ ጄል መለጠፍና ጄሉ ሲጨፈለቅ ከኋላው በተገጠመች ትንሽ ካሜራ ማየት ነው። ቶሎ የሚያልቀውም ይኸው ጄል ስለሆነ፣ ንድፉ ሲሠራ በቀላሉ ተነቅሎ እንዲቀየር ተደርጎ መታሰብ አለበት።