ስቶርምዚ፦ ከሰፈር መናፈሻ እስከ ግላስተንበሪ መድረክ

እንግሊዛዊው ራፐርና ድምፃዊ ስቶርምዚ፣ በትክክለኛ ስሙ ማይክል ኦዉኦ፣ ጁላይ 26 ቀን 1993 በደቡብ ለንደን ክሮይደን ተወለደ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እናቱ ጋናዊት ሲሆኑ ልጆቻቸውን በቶርንተን ሂዝ ሰፈር ያሳደጉት ብቻቸውን ነው። በ11 ዓመቱ ገደማ በሰፈሩ የወጣቶች ማዕከል ከእኩዮቹ ጋር ራፕ መፎካከር ጀመረ። ትምህርቱን ሲያበቃ ሳውዝሃምፕተን ባለ የነዳጅ ማጣሪያ ተቀጥሮ ሠራ፤ ኋላ ግን ደመወዙን ትቶ ሙሉ በሙሉ ወደ ሙዚቃ ገባ።

የወጣበት ሙዚቃ ግራይም ይባላል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በምሥራቅ ለንደን፣ ያለ ፈቃድ በሚተላለፉ ሬዲዮ ጣቢያዎች ያደገ ስልት ነው። ምቱ በደቂቃ ወደ 140 ይጠጋል፤ ተጫዋቾቹ ማይክ እየተቀባበሉ ማንነታቸውን ያውጃሉ፣ ባላንጣቸውን ይገዳደራሉ። ፉከራ የለመደ ጆሮ ቋንቋውን ባይሰማ እንኳ ስሜቱን አያጣውም።

ስቶርምዚን አገር ያወቀው በ2015 ነው። ቀይ ቱታ ለብሶ፣ ጓደኞቹን ከኋላው አሰልፎ፣ በአንድ መናፈሻ ውስጥ በቆየ የግራይም ቅንብር ላይ ግጥሙን ሲያወርድ የተቀረጸው ቪዲዮ ከስልክ ወደ ስልክ ተዛመተ። መብራት የለ፣ ጌጥ የለ። ያም ሆኖ «ሻት አፕ» የተባለው ይህ ሥራ በብሪታንያ የሽያጭ ሰንጠረዥ 8ኛ ደረጃ ድረስ ወጣ።

በፌብሩዋሪ 2017 የወጣው የመጀመሪያ ሙሉ አልበሙ «ጋንግ ሳይንዝ ኤንድ ፕሬየር»፣ ማለትም የወሮበላ ምልክትና ጸሎት፣ የብሪታንያን ሰንጠረዥ አንደኛ ሆኖ የመራ የመጀመሪያው የግራይም አልበም ነው። ያሳተመውም በራሱ ኩባንያ «መርኪ» በኩል ነበር። በአልበሙ ውስጥ ይበልጥ የሚነካው፣ የጎዳናውን ቁጣ ተከትሎ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር መምጣቱ ነው። ስቶርምዚ ፈጣሪን ሲያመሰግን ራፕ ማድረጉን ትቶ ይዘምራል፤ ያ ጎርናና ድምፅ ሲለሰልስ የሁለቱ ዓለም ልጅ መሆኑ ይሰማል።

በዚያው ዓመት ጁን 14 ለንደን ውስጥ ግሬንፌል የተባለው ሕንፃ ተቃጥሎ 72 ሰዎች አለቁ፤ ከሟቾቹ መካከል የኢትዮጵያና የኤርትራ ቤተሰብ ልጆችም ነበሩ። በፌብሩዋሪ 2018 ብሪት በተባለው የብሪታንያ የሙዚቃ ሽልማት ሥነ ሥርዓት ላይ፣ ሰው ሠራሽ ዝናብ እየወረደበት፣ ስቶርምዚ ጠቅላይ ሚኒስትር ቴሬዛ ሜይን በስማቸው ጠርቶ ለግሬንፌል የታሰበው ገንዘብ የት እንደገባ ጠየቀ። በማግሥቱ የጠቅላይ ሚኒስትሯ ጽሕፈት ቤት መልስ ለመስጠት ተገደደ። በዚያ ምሽት የዓመቱን ምርጥ አልበምና የምርጥ ወንድ ድምፃዊ ሽልማቶች ወስዷል።

ጁን 28 ቀን 2019 በእንግሊዝ በሚካሄደው ታላቅ የሙዚቃ ድግስ፣ በግላስተንበሪ ፌስቲቫል፣ የምሽቱ ዋና ተጫዋች ሆኖ ወጣ። በግል ለዚህ ቦታ የበቃ የመጀመሪያው ጥቁር ብሪታንያዊ እሱ ነው። የለበሰው ማንነቱን የሚሰውረው የጎዳና ሠዓሊ ባንክሲ የሠራውን፣ የብሪታንያ ሰንደቅ ዓላማ የተሳለበትን የጩቤ መከላከያ ሰደርያ ነበር። በጩቤ ልጆቿን በምትቀብር ከተማ ያደገ ሰው ይህን ለብሶ ሲቆም ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። ጥቁር የባሌት ዳንሰኞችንም ይዞ ወጣ፤ የባሌት ጫማ ለጥቁር ቆዳ በሚስማማ ቀለም ሳይሠራ መኖሩን የሚናገር ጽሑፍ ከኋላቸው ባለው ስክሪን ላይ ታየ። ከዚያም መንገዱን የጠረጉለትንና ከእሱ ጎን የሚሠሩትን በርካታ ራፐሮች በየስማቸው ጠራ። ጆሮው ላይ ያለው የድምፅ መሣሪያ ዝግጅቱ ከተጀመረ 20 ደቂቃ ገደማ በኋላ ተበላሽቶበት፣ ምሽቱ የከሸፈ መስሎት እንደነበር ኋላ ላይ ተናግሯል።

ያገኘውንም ብቻውን አልያዘም። በ2018 በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ለሚማሩ ጥቁር ተማሪዎች የትምህርትና የኑሮ ወጪ የሚሸፍን ስኮላርሺፕ መሠረተ፤ በየዓመቱ ሁለት ተማሪ በመቀበል የተጀመረው ይህ ዕድል በ2021 አንድ ባንክ ሲጨመርበት ለተጨማሪ 30 ተማሪዎች ደረሰ። በዚያው 2018 ከፔንግዊን ራንደም ሃውስ ጋር «መርኪ ቡክስ» የተባለ የመጻሕፍት ክፍል ከፈተ፤ ለአዳዲስ ደራስያንም ውድድር ያካሂዳል። በ2020 ደግሞ የዘር መድልዎን ለሚታገሉ ሥራዎች በ10 ዓመት 10 ሚሊዮን ፓውንድ ለመስጠት ቃል ገባ።

በሕይወቱ ነቀፋም አለ። ከመታወቁ በፊት በትዊተር የጻፋቸው ግብረ ሰዶማውያንን የሚሰድቡ ቃላት በ2017 ሲወጡበት ሳያስተባብል በይፋ ይቅርታ ጠይቋል።

ሁለተኛው አልበሙ «ሄቪ ኢዝ ዘ ሄድ» በዲሴምበር 2019፣ ሦስተኛው «ዚስ ኢዝ ዋት አይ ሚን» በኖቬምበር 2022 ወጡ፤ ሁለቱም አንደኛ ሆነዋል። ሦስተኛው ከግራይም ይልቅ ለመዝሙር የቀረበ፣ ረጋ ያለ ሥራ ነው። በጁን 2025 የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሲሰጠው፣ በእሱ ስኮላርሺፕ የተማሩ ልጆች ከዚያው ዩኒቨርሲቲ ቀድመውት ተመርቀው ነበር።