ሰይፍ፣ አውሬና አደን በፋንታሲ ውጊያዎች

ጀግናና አውሬ ሳይገናኙ የሚያልቅ የፋንታሲ ታሪክ ጥቂት ነው። ዘንዶ፣ ግዙፍ ተኩላ ወይም ስም የሌለው የጫካ ፍጡር፣ ብቻ አንዱ መምጣቱ አይቀርም። የዛሬ ደራሲዎችና የጌም ሠሪዎች ብዙ ጊዜ ግጥሚያውን እንደ ሁለት ጎራዴኞች ፍልሚያ ያቀርቡታል። አውሬው ያገሳል፤ ጀግናው ሰይፉን ይመዛል፤ ፊት ለፊት ይያያዛሉ። ዘውጉ ሥር ከሰደደባቸው ጥንታዊ ተረኮች ብዙዎቹ የሚተርኩት ግን አደን ነው።

በስካንዲኔቪያ አፈ ታሪክ ሲጉርድ ፋፍኒር የተባለውን ዘንዶ የገደለው ፊት ለፊት ገጥሞት አይደለም። ዘንዶው ውሃ ለመጠጣት የሚወርድበት መንገድ ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ አደፈጠ። ፍጡሩ በላዩ ሲያልፍ ግራም የተባለውን ሰይፉን ከሥር ሰካበት። የውሃ መንገድ ማጥናት፣ መደበቅ፣ ለስላሳውን ቦታ መምረጥ፦ ማንኛውም አዳኝ የሚያውቀው ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ712 በተጠናቀረው ኮጂኪ በተባለው የጃፓን የአፈ ታሪክ መጽሐፍ ደግሞ ሱሳኖ የተባለው አምላክ ስምንት ራስ ላለው ዘንዶ በስምንት ጋን ብርቱ መጠጥ አቀረበ። ዘንዶው ጠጥቶ ሰክሮ ሲተኛ ቆራረጠው። ጅራቱ ላይ ሲደርስ ስለቱ ተሸረፈ፤ ውስጡ ሌላ ሰይፍ ነበር። ኩሳናጊ የሚባለው ዝነኛ ሰይፍ ይህ ነው።

ሰይፍ የሚከዳበት ተረክም አለ። በጥንታዊው የእንግሊዝ ግጥም ቤዎልፍ ውስጥ ህሩንቲንግ የተባለው ሰይፍ የጭራቁን የግሬንደልን እናት መቁረጥ ያቅተዋል። ጀግናው የሚተርፈው እዚያው ዋሻ ውስጥ ባገኘው የግዙፋን ሰይፍ ነው።

አሁን ወደ አውሬው። እውነተኛ አዳኝ እንስሳ ሊያጠቃ ሲል አይጮህም። አንበሳ የሚያገሳው ግዛቱን ለማስከበርና ከመንጋው ጋር ለመጠራራት ነው፤ ሲያድን ድምፁን አጥፍቶ ያደባል። ደግሞም አብዛኛው የአንበሳና የተኩላ አደን ሳይሳካ ይቀራል። እግሩ የተሰበረ አዳኝ ማደን ስለማይችል ይራባል፤ ስለዚህ ጉዳት ይፈራል። ተኩላዎች ታዳኙን እየተከተሉ ይፈትኑታል፤ ጠንክሮ ከቆመ ብዙ ጊዜ ትተውት ይሄዳሉ። ለእኔ ከሚያጓራው ጭራቅ ይልቅ ዝም ብሎ የሚከተለው፣ የደከመውን ሰው የሚጠብቀው ይበልጥ ያስፈራኛል። የሚያሳዝነው፣ ብዙ ደራሲ ትዕግሥቱ የለውም።

ጀግና አውሬን በሰይፍ ፊት ለፊት ሲወጋ የሚያሳየው ምስል ራሱ ጥንታዊ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ645 አካባቢ በነነዌ ቤተ መንግሥት በተቀረጹትና ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም ባሉት ምስሎች፣ የአሦር ንጉሥ አሹርባኒፓል አንበሳን በሰይፍ ሲወጋ ይታያል። አንበሶቹ ግን ከሣጥን እየተለቀቁለት ነበር። ሣጥኑን የሚከፍተውም ሰው አብሮ ተቀርጿል። አደን ከምንለው ይልቅ የንጉሥ ትርኢት ብንለው ይቀርበዋል።

ለአደገኛ አውሬ ዋናው መሣሪያ ጦር ነበር፤ ርቀት ይሰጣል። በአውሮፓ የዱር አሳማ የሚታደንበት ጦር ከስለቱ በታች አግድም ብረት ነበረው፤ የተወጋው እንስሳ በእንጨቱ ላይ እየገፋ አዳኙ ዘንድ እንዳይደርስ። በ15ኛውና በ16ኛው ክፍለ ዘመን ይኸው ዘዴ ወደ ሰይፍ ተሻገረ። የአሳማ ሰይፍ ዘንጉ ቀጭንና ግትር፣ ጫፉ እንደ ቅጠል ሰፋ ያለ ነበር። ከጫፉ ከፍ ብሎ ባለ ቀዳዳ አግድም ብረት ይገባበታል። እንዲህ ያለ ምርጥ መሣሪያ ፋንታሲ ውስጥ ብዙም አለመታየቱ ይገርማል።

የሰይፍ ክብደት ነገር ደግሞ ብዙዎችን ያሳስታል። የመካከለኛው ዘመን የአንድ እጅ ሰይፍ በአብዛኛው ከ1 እስከ 1.5 ኪሎ ነበር። ግዙፎቹ የሁለት እጅ ሰይፎች እንኳ በተለምዶ ከ2 እስከ 3.5 ኪሎ አካባቢ ነበሩ። በስለቱ መሀል የሚወርደው ቦይ «የደም ማፍሰሻ» ይባላል፤ ሥራው ግን ጥንካሬውን ሳይጎዳ ክብደት መቀነስ ነው። ሰይፍ ሲመዘዝ የሚሰማው «ሺንግ»ም የፊልም ድምፅ ነው፤ ከእንጨትና ከቆዳ የተሠራ ሰገባ እንዲያ አይጮህም።

የአንጥረኛው ጥበብ ግን ሳይጋነንም ያስደምማል። በቫይኪንጎች ዘመን የብረት ዘንጎችን ጠምዝዘው በእሳት በማጣበቅ እንደ እባብ ቆዳ የተዥጎረጎረ ስለት ይሠሩ ነበር። የጃፓን አንጥረኞች ሰይፉን በሸክላ ጭቃ ይቀቡታል፤ ጀርባውን ወፍራም፣ ስለቱን ስስ አድርገው። የጋለው ብረት ውሃ ውስጥ ሲነከር ስለቱ ቶሎ ቀዝቅዞ ይጠነክራል፤ ጀርባው ለዘብ ይላል። የታወቀው ቆልማማ ቅርጽ በአብዛኛው የሚመጣውም ያኔ ነው።

ቅርፊት ያለው ዘንዶ ሲመጣ ግን ስለት ብዙ አይረዳም፤ ቅርፊት ያው ጥሩር ነው። የ15ኛው ክፍለ ዘመን የጎራዴ መማሪያዎች ብረት ለበስ ባላጋራን ለመግጠም አንድ እጅ እጀታው ላይ፣ ሌላው ስለቱ መሀል ይሁን ይላሉ። ሰይፉ እንደ አጭር ጦር ይሆንና ጫፉ ወደ ብብት፣ ወደ አንገትና ወደ መጋጠሚያዎች ይገባል። የፋንታሲ ጀግኖች ግን አሁንም ቅርፊቱን በስለት ሲደበድቡ ይውላሉ።