«ጦርነቱ በፖላንድ ተጀመረ» እና ሌሎች ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተሳሳቱ አመለካከቶች

ብዙዎቻችን ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የምናውቀው ታሪክ በጣም አጭር ነው። ሂትለር መጣ፣ ፖላንድን ወረረ፣ ሩሲያ ላይ ብርድ ፈጀው፣ በመጨረሻ አሜሪካ ቦምብ ጣለች፣ አለቀ። ታሪክ ሲያጥር ግን ከውስጡ የሚወድቅ አገር አለ። አንዷ የእኛዋ ናት። (የእኛ ነው ካላልኩ በቀር ቀኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ጦርነቱ ሴፕቴምበር 1 ቀን 1939 ተጀመረ»

ጀርመን ፖላንድን የወረረችው በዚያ ቀን ነው። ብሪታንያና ፈረንሳይ ከሁለት ቀን በኋላ ጦርነት አወጁ። ለአውሮፓ ይህ ልክ ነው። ቻይናዊ ብትጠይቁ ግን ጃፓን ማንቹሪያን የወረረችበትን 1931ን፣ ወይም ሙሉ ጦርነት የከፈተችበትን 1937ን ይነግራችኋል። እኛን የጠየቀ ደግሞ ኦክቶበር 3 ቀን 1935 እንለዋለን፤ የጣሊያን ጦር መረብን የተሻገረበት፣ በእኛ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም.።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ነገሩ የአገር ፍቅር ስሜት ብቻ አይደለም። በኤፕሪል 1935 ብሪታንያ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ስትሬዛ በምትባል የጣሊያን ከተማ ተገናኝተው ሂትለርን አብረው ሊገቱ ተስማምተው ነበር። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ሲወር ይህ ኅብረት ፈረሰ። ሂትለርም ክፍተቷን አያት። ማርች 7 ቀን 1936፣ የማይጨው ጦርነት ሊካሄድ ሦስት ሳምንት ገደማ ሲቀረው፣ ወታደር እንዳይገባበት በውል የተከለከለውን የራይን አካባቢ ጦሩን ልኮ ያዘው። ማንም አልነካውም። ዓመቱ ሳያልቅ ሙሶሊኒ የበርሊን ወዳጅ ሆነ።

«የመንግሥታቱ ማኅበር ዝም ብሎ አየ»

አገሮች ሰላምን ለመጠበቅ ያቋቋሙት ይህ ማኅበር ዝምስ አላለም። ጣሊያን ላይ ማዕቀብ ጥሏል። ግን ነዳጅን ከማዕቀቡ አስቀረ። የስዊዝ ቦይም ለጣሊያን መርከቦች አልተዘጋም። ታንኩ የሚሄደው በነዳጅ ነው፤ የመርዝ ጋዝ የረጨብን አውሮፕላንም የሚበረው በነዳጅ ነው። ጃንሆይ ማኅበሩን አምነው፣ ጠብ ጫሪ ላለመባል ሲሉ ጦራቸውን ከድንበር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ስበው ነበር። ይህን ሳስብ ዛሬም ያንገበግበኛል።

«ሂትለርን የፈጠረው የቬርሳይ ውል ነው»

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በተሸነፈችው ጀርመን ላይ የተጫነው ይህ ውል ጀርመኖችን አስቆጥቷል፤ አይካድም። ነገር ግን የተፈረመው በ1919 ነው። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ1928ቱ ምርጫ፣ የሂትለር ፓርቲ ያገኘው ድምፅ 2.6 በመቶ ብቻ ነበር። በጁላይ 1932 ግን 37.3 በመቶ ደረሰ። በመሃል የገባው በ1929 የጀመረው የኢኮኖሚ ቀውስ ነው። በ1932 መጀመሪያ ጀርመን ውስጥ 6 ሚሊዮን ገደማ ሰው ሥራ አጥ ነበር። ያም ሆኖ ሂትለር ብቻውን አብላጫ ድምፅ አግኝቶ አያውቅም። በጃንዋሪ 1933 ቻንስለርነቱን የሰጡት «እንቆጣጠረዋለን» ብለው ያሰቡ ወግ አጥባቂ ፖለቲከኞች ናቸው።

«የጀርመን ጦር በሙሉ በሞተር ይሄድ ነበር»

በ1940 ፈረንሳይን ሲወር የታንክ ክፍለ ጦሮቹ አሥር ብቻ ነበሩ። አብዛኛው ወታደር በእግሩ ይጓዝ፣ መድፉንም በፈረስ ያስጎትት ነበር።

«ጀርመንን ሩሲያ ውስጥ ያሸነፈው ብርድ ነው»

ብርዱ ጎድቷቸዋል። ግን ሶቪየቶችም የተዋጉት እዚያው ብርድ ውስጥ ነው። ጀርመኖች ጁን 22 ቀን 1941 ከ3 ሚሊዮን በላይ ወታደር ይዘው ሲገቡ ነገሩ በጥቂት ወራት ያልቃል ብለው ነበር። በረዶው ሳይወርድ በፊት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ወታደሮቻቸው ሞተውና ቆስለው ነበር፤ ስንቅና ነዳጅም አጥሯቸዋል። ዲሴምበር 5 የሶቪየት ጦር ሞስኮ ደጃፍ ላይ መልሶ አጠቃቸው። ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1943 ስታሊንግራድ ላይ ተከበው የነበሩት የመጨረሻዎቹ እጅ ሰጡ። ኩርስክ ላይ የተሸነፉት ደግሞ በጁላይ ነው፤ በዚያ ሙቀት በረዶ የት አለ? ሶቪየት ኅብረት በዚህ ጦርነት 27 ሚሊዮን ገደማ ሰው አጥታለች። ድሉን ለአየር ጠባይ መስጠት የእነዚህን ሰዎች ደም ማርከስ ነው።

«ኢትዮጵያን ነፃ ያወጣት እንግሊዝ ነው»

የእንግሊዝ ጦር መዋጋቱ እውነት ነው፤ ከእነርሱ ጋር ብዙ አፍሪካውያንና ሕንዳውያን ወታደሮች ወድቀዋል። ግን ብሪታንያ በ1938 የጣሊያንን ግዛት በይፋ አውቃ ነበር። ሐሳቧን የቀየረችው ሙሶሊኒ በጁን 1940 ጦርነት ካወጀባት በኋላ ነው። አበበ አረጋይ በሸዋ፣ በላይ ዘለቀ በጎጃም ሲዋጉ የከረሙት ከዚያ በፊት ጀምሮ ነው። ጃንሆይ አዲስ አበባ የገቡት ሜይ 5 ቀን 1941፣ በእኛ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። በዚያን ዕለት ጀርመን ሶቪየት ኅብረትን ገና አልወረረችም። አሜሪካም ጦርነቱ ውስጥ አልገባችም ነበር።