ጥቂቶች ብዙኃኑን የሚለውጡት እንዴት ነው? የከምባታ ተሞክሮ

ብዙኃኑ ሲስማሙ ሰው ዓይኑ ያየውን እንኳ ይጠራጠራል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሰሎሞን አሽ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ባካሄደው የታወቀ ሙከራ፣ የመስመሮችን ርዝመት እንዲያወዳድሩ ከተጠየቁት ሰዎች ከአራቱ ሦስቱ ያህል፣ ሆን ብለው የሚሳሳቱትን ሌሎች ቢያንስ አንድ ጊዜ ተከትለዋል። ሆን ብለው ከሚሳሳቱት መካከል አንዱ እውነቱን ሲናገር ግን ተከታይነቱ በእጅጉ ቀነሰ።

ሌላው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሰርዥ ሞስኮቪሲ በ1969 እ.ኤ.አ. ጥያቄውን ገለበጠው፤ ጥቂቶችስ ብዙኃኑን ይለውጣሉ ወይ አለ። ስድስት ሰዎች ባሉበት ቡድን ሁለቱ የሙከራው ተባባሪዎች 36ቱንም ሰማያዊ ምስሎች «አረንጓዴ» አሉ፤ የቀሩት አራት ሰዎች ከሰጧቸው መልሶች 8.42 በመቶው አብሯቸው ሄደ። ሁለቱ በ24ቱ ብቻ «አረንጓዴ» ሲሉ ግን ድርሻው ወደ 1.25 በመቶ ወረደ። የጥቂቶች ጉልበት አለመወላወል ነው።

አለመወላወል ብቻውን ግን አይበቃም። ይህን ከምባታ በደንብ ያሳያል። የሴት ልጅ ግርዛት እዚያ ሥር የሰደደ ልማድ ነበር። ጉዳቱን የተረዳ አባት እንኳ ልጁን አያስቀራትም፤ ያልተገረዘች ባል አታገኝምና። አንድ ቤተሰብ ብቻውን ቢተው የሚጎዳው ልጁን ነው።

ቦጋለች ገብሬ ከእህታቸው ጋር በ1997 እ.ኤ.አ. ኬኤምጂ የተባለውን ድርጅት መሠረቱ። የአገሩ ሽማግሌዎች ቀድመው የጠየቁት ግን ልጆች ወደ ትምህርት ቤት፣ ነጋዴም ወደ ገበያ የሚሻገሩበት ድልድይ ነበር፤ ድልድዩ ተሠራ። ይህ ቅደም ተከተል ዋናው ነገር ይመስለናል፤ ለሕዝቡ ችግር የደረሰ ሰው ልማዱን ሲነካበትም ይደመጣል። ከዚያ በኋላ ወንድና ሴት፣ ሽማግሌና ወጣት በአንድነት የሚቀመጡበት የማኅበረሰብ ውይይት ተጀመረ። አወያዮቹ ፍርድ አይሰጡም፤ ይጠይቃሉ፣ ተሳታፊው ራሱ ጉዳቱን ይዘረዝራል።

ሚዛኑን የለወጠው ሠርግ ነው። ያልተገረዘች ሙሽራ በሕዝብ ፊት ስታገባ ጥንዶቹ ይህንኑ የሚገልጽ ጽሑፍ ደረታቸው ላይ አንጠለጠሉ። «ባል አታገኝም» የሚለው ስጋት በዓይን ሲፈርስ፣ በልባቸው ይቃወሙ የነበሩ ወላጆች ብቻቸውን አለመሆናቸውን አወቁ። በዩኒሴፍ ጥናት መሠረት በ1999 እ.ኤ.አ. ከሞላ ጎደል ሁሉንም ሴቶች ይነካ የነበረው ግርዛት በ2008 እ.ኤ.አ. ከ3 በመቶ በታች ወርዷል።

አዲሱ አቋም የብዙኃኑ ሲሆን ሌላ አደጋ ይመጣል። ግርዛትን በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 565 ይቀጣል፤ ሕጉ መልካም ነው። ነገር ግን ሕግና ማኅበራዊ ጫና ከውይይት ከቀደሙ ሰው በአደባባይ «ትቻለሁ» ይላል፣ ግርዛቱም ወደ ጓዳና ወደ ሌሊት ይሸሻል። ስለዚህ «ትተናል» ባለ ቀበሌም ውይይቱ መቀጠል አለበት፤ ሴት ልጅ ለተወለደላቸው ወጣት ወላጆች ቅድሚያ መስጠት ይገባል፤ የገራዦቹም ጉዳይ መታሰብ አለበት፤ ሌላ መተዳደሪያ ካላገኙ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ።